ዱካክ ጎረቤት አይከስም

ሰሞኑን ጓደኛዬ አንድ የታተመ ጽሑፍ እጄ ላይ አስቀመጠና «አንብበው፤ እኔ በሳቅ ነው የፈረስኩት» አለኝ። ፒያሳ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። አልሳቅኩም። ማኪያቶዬም ቀዘቀዘ።

ጽሑፉ ስለ ዱካክ፣ ስለ ቡዳ፣ ስለ ዛርና ሞተው ስለሚመጡ ሰዎች ነው። ጸሐፊው የጎንደር ልጅ መሆኑ ያስታውቃል። ብዕሩም ስል ነው። የሚለው ባጭሩ ይኸው፦ እንግዳ ነገር አየሁ፣ ሰማሁ የሚል ሰው ወይ ውሸታም ነው ወይ እብድ። ነገሩ ሁሉ የመሃይምነት ፍሬ ነው፤ የተማረ ሰው ዘንድ አይደርስም። ጥፋተኛው ስሜት ነው፤ ስሜቱን ያፈነ ሰው ብቻ በትክክል ያያል። ለዚህ ሁሉ ምስክር አድርጎ የጠራው ማክስ ኮልትሃርትን ነው፤ በሲድኒው ማኳሪ ዩኒቨርሲቲ በኮግኒቲቭ ሳይኮሎጂ ስሙን የተከለውን ተመራማሪ። መጨረሻ ላይ መድኃኒት ያዝዛል፦ እውነቱን ፊት ለፊት መንገር፣ ከዚያም መሳቅ።

በአንድ ነገር እንስማማለን። ሰው ማታ ማታ ጅብ አይሆንም። ደረት ላይ የሚቀመጥ ፍጡርም የለም። እዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ክርክሬ ስለ ሰዎቹ ነው።

«ወይ ውሸታም ወይ እብድ» ከሚለው ልጀምር። ከሁለቱ አንዱ እኔ ነኝ ማለት ነውና።

ተማሪ ሳለሁ እዚሁ ጎንደር፣ ቀሃ አካባቢ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። የፈተና ሰሞን ነው። ሦስት ቀን በቅጡ አልተኛሁም። አንድ ቀን ሊነጋጋ ሲል ነቃሁ። ዓይኔ ተከፍቷል። መስኮቱ ይታየኛል። ውጭ ዶሮ ይጮሃል። እጄን ላንሳ ብል እምቢ አለኝ። ልጮህ ብል ድምፄ የለም። በሩ ጋ ደግሞ ሰው ቆሟል። አየሁት አልልም። ግን መኖሩን አውቄያለሁ፤ ከኋላችሁ ሰው ሲቆም ሳትዞሩ እንደምታውቁት። መጣና ደረቴ ላይ ተቀመጠ። ትንፋሼ አጠረ። በቃ ሞትኩ አልኩ። ከዚያ ትንሿ ጣቴ ነቅነቅ አለች። ወዲያው ሁሉም እንደ ጉም በነነ። በሩ ላይ የቀረው የተሰቀለ ጃኬቴ ነው።

ይህ ዱካክ ነው። አያቴ አጠገቤ ብትሆን ዳዊቷን ትራስጌዬ ታደርግልኝ ነበር።

ምን እንደሆነ አሁን በደንብ ይታወቃል። ሕልም በብዛት የምናይበት የእንቅልፍ ደረጃ አለ፤ ዓይናችን ከቆቡ ሥር ወዲያ ወዲህ የሚልበት። በዚያ ሰዓት አንጎል ጡንቻዎቻችንን ያስራቸዋል። ባያስራቸው ኖሮ በሕልማችን ስንሮጥ ከአልጋ ወድቀን እንሰበር ነበር። አንዳንዴ ታዲያ አእምሮ ቀድሞ ይነቃና ማሰሪያው ሳይፈታ ይቀራል። እንቅልፍ የተጓደለበት ሰው ላይ ይበዛል። በጀርባ መተኛትም ያባብሰዋል። ደረት ላይ የሚሰማው ክብደት ከዚያው ነው የሚመጣው፦ ትንፋሽ በራሱ እየሄደ ነው፤ አንተ በረጅሙ ልተንፍስ ስትል ግን የደረት ጡንቻ አይታዘዝህም። በዚያ ላይ በዚህ ደረጃ አሚግዳላ የሚባለው፣ ከፍርሃት ጋር የተያያዘው የአንጎል ክፍል ንቁ ነው። «አደጋ አለ» ይላል። አደጋው የታለ? አእምሮ ይፈልጋል። ጃኬት ያገኛል።

በ2011 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ሻርፕለስና ባርበር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች 35 ጥናቶችን ሰብስበው ከ36,000 በላይ ሰዎች የሰጡትን መልስ ደመሩ። ከጠቅላላው ሕዝብ 7.6 በመቶው በሕይወቱ ቢያንስ አንዴ ደርሶበታል። ጃፓኖች ካናሺባሪ ይሉታል፤ በብረት እንደ መታሰር ነው። የካናዳዋ ኒውፋውንድላንድ ሰዎች ደግሞ የመጣችብን አሮጊት ናት ይላሉ። ቋንቋቸው የማይገናኝ ሕዝቦች፣ ሳይነጋገሩ፣ አንድ ዓይነት ውሸት ሊዋሹ አይችሉም። ሁሉም አብደዋል ማለትም አይቻልም። ያ ሁሉ ሰው ካበደ ጤነኛ የምንለው ማንን ነው?

ዱካክ የመጨረሻው ጫፍ ነው። ከዚያ በታች ያለውን በየቀኑ ሁላችንም እናደርገዋለን። እዚሁ ጎንደር ያለው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ገብታችሁ ቀና በሉ። ጣሪያው ላይ በረድፍ በረድፍ የተሳሉት ባለ ክንፍ ፊቶች ሁሉም እናንተን የሚያዩ ይመስላችኋል። ሰዓሊው ለእያንዳንዱ የሰጠው ጥቂት ነገር ነው፦ ሁለት ትልልቅ ዓይኖች፣ አፍንጫ፣ አፍ። ሕይወት የምንዘራባቸው እኛ ነን። አንጎላችን ፊት ሲያይ ከሌላው ነገር ሁሉ አብልጦ የሚነሳሳ ክፍል አለው፤ ናንሲ ካንዊሸርና ባልደረቦቿ በ1997 በደንብ አሳይተውታል። ይህ ክፍል ፊት ባልሆነ ነገር ላይ ፊት ሲታየንም ይነሳሳል። ደመና ላይ፣ ግድግዳ ላይ፣ በጨለማ የተሰቀለ ነጠላ ላይ።

ጆሮም ያው ነው። በ2001 ሁለት የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ለተማሪዎች ባዶ «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ብቻ አሰሟቸው፤ ጣቢያ የሌለው ሬዲዮ ዓይነት። «ውስጡ አንድ የታወቀ የገና ዘፈን ሊኖር ይችላል፤ ስትሰሙ ቁልፍ ተጫኑ» አሏቸው። ዘፈን የሚባል አልነበረም። ሲሶው ያህሉ ሰማን ብለው ተጫኑ። ጤነኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። አያቴ «ሌሊት ስምህ ሲጠራ ቶሎ አቤት አትበል» ስትለኝ ማን ጠራኝ ብዬ እፈራ ነበር። አሁን ሳስበው ምክሩ ራሱ መጥፎ አይደለም። ደግመህ ሳትሰማ አትመን ማለት ነው።

እዚያው ቀሃ ስላሉት አከራዬ ልንገራችሁ። ባለቤታቸውን ከቀበሩ ሁለት ዓመት አልፏቸው ነበር። ተዝካሩም ወጥቷል። ጥርት ያለ ጭንቅላት ያላቸው፣ የዕድራቸውን ሒሳብ በቃላቸው የሚያውቁ ሴት ናቸው። አንድ ምሽት ቡና እያፈሉ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉና «ማታ ማታ ሲስል እሰማዋለሁ» አሉኝ። በሩ ጋ ይደርስና ጉሮሮውን ይጠርጋል አሉ፣ እንደ ድሮው። ከዚያ ቀን በፊት የነገሩት ለአንድ የጤና ባለሙያ ብቻ ነበር። እሱም ሳቀባቸው። ሁለተኛ ለማንም አልተናገሩም። የጽሑፉን መድኃኒት እኚህ ሴት ገና ድሮ ቀምሰውታል ማለት ነው። ወደሳቸው እመለሳለሁ።

ስለ ዛር ብዙ አልልም፤ ራሱን የቻለ ዓለም ነውና። ግን ጎንደር ላይ ተቀምጦ ዛርን «እብደት» ብሎ መዝጋት ትንሽ ያሳፍራል። በ1932 ሚሼል ሌሪስ የሚባል ፈረንሳዊ፣ ከዳካር እስከ ጅቡቲ አፍሪካን ካቋረጠ የጥናት ቡድን ጋር መጥቶ፣ እዚሁ ከተማችን ከባለ ዛሮች ጋር ለወራት ውሏል። ያየው ሥርዓት ነው። ዕጣኑ፣ ቡናው፣ ጭብጨባው፣ ለእያንዳንዱ ዛር የተለየው ስምና ጠባይ። የሚወርድባት ሴት «ፈረስ» ትባላለች። በ1958 ነገሩን ከቲያትር ጋር አነጻጽሮ ጻፈ፤ የሚያስመስሉት ሳይሆን የሚኖሩት ቲያትር ነው ብሎ። እብድ እንዲህ ያለ ሥርዓት አይጠብቅም።

«የመሃይምነት ፍሬ ነው» ለሚለው መልሱ አጭር ነው። ከላይ የጠቀስኩት የ35 ጥናቶች ድምር ላይ 7.6 በመቶ የጠቅላላው ሕዝብ ነው አልኩ። የተማሪዎቹ ስንት ይመስላችኋል? 28.3 በመቶ። አራት እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረው። ትምህርት ዱካክን አያባርርም። እንዲያውም የፈተና ሌሊት ይጠራዋል። የግቢ ዶርም ያደረ ሰው ይመሰክርልኛል፤ ጫት አቁሞ የተኛ ጓደኛ የነበረው ደግሞ በእጥፍ።

አንድ የቆየ ታሪክም አለ። በ1760 የጄኔቫው ሊቅ ሻርል ቦኔ ስለ አያቱ ጻፈ። አያቱ ሻርል ሉላን ዳኛ የነበረ፣ የተከበረ ሽማግሌ ነው። ዓይኑን ሞራ ጋርዶታል። አእምሮው ግን ደህና ነው። ይህ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ የሌሉ ሰዎችን፣ ወፎችን፣ ሠረገላዎችን ያይ ነበር። ዛሬ ሐኪሞች ነገሩን በቦኔ ስም ይጠሩታል። ዓይን መላክ ሲያቆም አንጎል ከራሱ ጓዳ እያወጣ ይስላል። የዓይን ሞራ በአገራችን ቀዳሚው የዓይነ ስውርነት ምክንያት ነው። ስንት አዛውንት በየጓዳው የሌለ ሰው እያዩ፣ «ጃጁ» ወይም «ለከፋቸው» እንዳይባሉ አፋቸውን ይዘው ተቀምጠው ይሆን?

አሁን ወደ ዋናው። ጸሐፊው «ስሜት የማሰብ ጠላት ነው» ይላል። የጠራው ምስክር ግን ብዙ የሠራበት መስክ የሚያሳየው ከዚህ የተለየ ነው።

በ1923 ዦዜፍ ካፕግራ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም ከባልደረባው ጋር ስለ አንዲት ሴት ጻፈ። ባሌና ልጆቼ ተለውጠዋል ትላለች። የሚመስሏቸው ሰዎች ናቸው እንጂ እነሱ አይደሉም። መልካቸው ያው፣ ልብሳቸው ያው። ግን እነሱ አይደሉም። ለብዙ ዘመን ይህ እንቆቅልሽ ነበር። የዓይኗ ችግር እንዳይባል ፊቱን በትክክል ታየዋለች። «ባሌን ይመስላል» ትላለችኮ!

ሃይደን ኤሊስና አንድሪው ያንግ የተባሉ ሁለት የእንግሊዝ ሳይኮሎጂስቶች በ1990 አንድ ሐሳብ አቀረቡ። ሰው ስናይ በአንጎላችን ውስጥ ሁለት ነገር ይካሄዳል አሉ። አንዱ «ይህ እገሌ ነው» የሚለው ነው። ሌላው በሰውነታችን የሚያልፈው ሙቀት ነው፤ ምንም ሳናስብ የሚመጣው የ«የኔ ሰው» ስሜት። የመጀመሪያው ደህና ሆኖ ሁለተኛው ቢቆረጥስ? እናትህን ታያለህ። መልኳ ሁሉ ልክ ነው። ውስጥህ ግን ጭጭ ይላል። እንደ መንገደኛ።

ይህን በ1997 ለኩት። ጣት ላይ ትንሽ መሣሪያ ይታሰራል። ሰው የሚያውቀውን ፊት ሲያይ፣ ለራሱ እንኳ ሳይታወቀው፣ ጣቱ ትንሽ ያልበዋል። መሣሪያው ያንን ይይዛል። የካፕግራ ችግር ያለባቸው ሕሙማን ላይ ግን የታወቀውም ያልታወቀውም ፊት አንድ ሆነ። ልዩነት የለም። በዚያው ዓመት ራማቻንድራንና ኸርስታይን አንድ በመኪና አደጋ ጭንቅላቱን የተጎዳ ብራዚላዊ ወጣት መረመሩ። አባቱን ፊት ለፊት ሲያየው «አባቴ አይደለም» ይላል። አባትየው በስልክ ሲደውልለት ግን ያውቀዋል፤ ያናግረዋል። የድምፁ መንገድ አልተቆረጠማ።

ይህን ካነበብኩ ጀምሮ አማርኛችንን በሌላ ጆሮ ነው የምሰማው። «ሆዴ አልተቀበለውም» እንላለን። «ልቤ ነገረኝ» እንላለን። «ደሜ ፈላ» እንላለን። ጸሐፊው እንዲህ ያለውን አነጋገር የኋላ ቀርነት ምልክት አድርጎታል። እኔ ግን አያቶቻችን አንድ ነገር የገባቸው ይመስለኛል። ሰው የሚያውቀው በጭንቅላቱ ብቻ አይደለም። ያቺ የፈረንሳይ ሴት ባሏን ያጣችው ስሜት በዝቶባት አይደለም። ጎድሎባት ነው።

ስሜት አያሳስትም አላልኩም። ፍርሃት ጃኬትን ሰው ያደርጋል፤ አሁን ነገርኳችሁ። ግን እዚህም ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጸሐፊው «ሰው ነገሮች ከእጁ ሲወጡ የሌለ ነገር ያያል፤ በሙከራ ተረጋግጧል» ይላል። የሚጠቅሰው የ2008ቱን የዊትሰንና የጋሊንስኪን ሙከራ ነው። ደስ የሚል ሙከራ ነው። ችግሩ ሌሎች ሰዎች ደግመው ሲሞክሩት ነው፤ ቫን ኤልክና ሎደር በ2018 አጡት። ተረጋግጧል የምትል ቃል በትንሹ ብትጨለፍ ጥሩ ነው።

ኮልትሃርትስ ምን አለ? ጸሐፊው «የአንጎል ብልሽት ነው አለ» ብሎ አለፈው። ኮልትሃርት ግን የሚጠይቀው ሁለት ጥያቄ ነው። አንደኛው፣ ይህ ሐሳብ ከየት መጣ? ሁለተኛው፣ ከመጣ በኋላ ለምን አልተጣለም? የሁለተኛው ጥያቄ አስፈላጊነት በ1995 ከታየ አንድ ነገር ጋር ይያያዛል። የአንጎላቸው የፊተኛ ክፍል የተጎዳ ሰዎች አሉ። እነሱም የሚያውቁትን ፊት ሲያዩ ጣታቸው አያልብም፤ ልክ እንደ ካፕግራ ሕሙማን። ግን አንዳቸውም «ሚስቴ ተለወጠች» አላሉም። እንግዳው ስሜት ብቻውን እንግዳ እምነት አይወልድም ማለት ነው። መሐል ላይ አንድ ዳኛ አለ። «እንዴ፣ ይሄማ አይሆንም» የሚል ዳኛ። እሱ ሲደክም ነው ነገር የሚበላሸው።

የዚህ ዳኛ ችኮላ በዶቃ ተለክቷል። በ1988 ሁክ፣ ጋሬቲና ሄምስሊ የሠሩት ነው። ሁለት ማሰሮ አለ በሉ። በአንዱ ውስጥ 85 የአንድ ቀለም፣ 15 የሌላ ቀለም ዶቃ አለ። በሌላው ግልባጩ። ከአንዱ እየተቀዳ አንድ አንድ ዶቃ ያሳዩሃል። ከየትኛው ማሰሮ እንደሆነ እርግጠኛ ስትሆን ትናገራለህ። ፍጹም የማይነቀል እምነት የያዛቸው ሕሙማን ከሌላው ሰው ባነሰ ዶቃ ይወስናሉ። ብዙዎቹ አንድ ወይም ሁለት ዶቃ ይበቃቸዋል።

እዚህ ላይ ነው ዱካክና ቡዳ የሚለያዩት። ጸሐፊው ሁለቱን በአንድ ሙቀጫ ወቅጧቸዋል። ይህ ትልቁ ስህተቱ ነው።

አንድ ጊዜ የጎረቤት ልጅ ታመመ። ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ይንቀጠቀጣል፣ ያተኩሰዋል፣ ይቃዣል። ጤና አዳም አሸተቱት። ነጭ ሽንኩርት ጨቀጨቁለት። ጭስ አጨሱበት። ከዚያ «ተናገር! ማነው የበላህ?» ተጀመረ። የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የተለከፈ ሰው ይለፈልፋል፣ የበላውን ስም ይጠራል ይባላል። ልጁ በዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል የአንዲት ሴት ስም ጠራ። ሰሞኑን ጀበና ልትሸጥ ግቢያችን ገብታ የነበረች ሸክላ ሠሪ ናት። ጭንቅላቱን ዳብሳ «ሲያምር!» ብላው ነበር። ማርያም ታሳድገው አላለችም። በቃ። አንዲት ዶቃ ነች።

በማግስቱ ደሙ ሲመረመር ወባ ሆኖ ተገኘ። ደምቢያ ዘመድ ጥየቃ ከርሞ ነበር የመጣው። መድኃኒቱን ወሰደ፣ ዳነ። አሁን ጎረምሳ ሆኗል። ሴትዮዋ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ሰፈራችን ረግጣ አታውቅም። ማንም ሄዶ ይቅርታ አልጠየቃትም። እኔንም ጨምሮ።

ዱካክ ምንም ያስፈራ፣ ጠዋት ተነስተህ የምትጣላው ሰው የለም። ዱካክ ጎረቤት አይከስም። ቤት የለውም፣ ልጅ የለውም፣ ገበያ አይወጣም። ቡዳ ግን አድራሻ አለው። ያ አድራሻ ደግሞ ዝም ብሎ በዕጣ አልወጣም። ርስት ተነፍጎ በእጁ ሙያ የሚኖር ሰው ቤት ነው፤ የቀጥቃጩ፣ የሸክላ ሠሪዋ። ከጎንደር ወጣ ብላ ያለችው ወለቃ ትመስክር። የቤተ እስራኤል ባለ እጆች ማረሻችንን እየቀጠቀጡ፣ ምጣዳችንን እየሠሩ፣ ማታ ጅብ ይሆናሉ ተብለው ስንት ዘመን ኖሩ። እዚያ ያለው ስህተት የዓይን ወይም የጆሮ ስህተት አይደለም። ልጁ ላይ ትኩሳቱ እውነተኛ ነበር። ፍርሃቱም እውነተኛ ነበር። ውሸቱ የገባው «ማነው?» ሲባል ነው። ያንን ጥያቄ የጠየቁት ደግሞ ትኩሳት የሌለባቸው አዋቂዎች ናቸው።

ስለዚህ ጸሐፊው በዱካኩ ተማሪና በቡዳው ከሳሽ ላይ እኩል ሲስቅ፣ አንዱን በከንቱ ያሳፍራል፣ ሌላውን በቀላሉ ይለቀዋል። በማንም ላይ ሐሜት ያላነሳ ሰው ምን አጠፋ? ሴትዮዋን ከገበያ ላስወጣት ግን ሳቅ አይበቃውም።

የቀረው መድኃኒቱ ነው። «እውነቱን ንገራቸው፤ ይተዉታል» ይላል።

ግማሹ ልክ ነው፤ አልክድም። ባላንድ ጀላልና ዴቨን ሂንተን በ2013 የግብፅና የዴንማርክ ሰዎችን ዱካክ አነጻጽረው ነበር። ብዙ ግብፃውያን ጂኒ ነው ይላሉ። ከዴንማርኮቹ ይልቅ ይፈራሉ፤ ታስረው የሚቆዩበት ጊዜም ይረዝምባቸዋል። የምንሰጠው ስም ተመልሶ ሰውነታችን ላይ ይሠራል ማለት ነው። እኔም ከዚያ ወዲህ ሁለት ሦስቴ ደርሶብኛል። ሰውየው አሁንም በሩ ጋ ይቆማል። ግን ጣቴን ፈልጌ ማነቃነቅ ለምጃለሁ። ያኔ ይሄዳል። ማወቄ መምጣቱን አልከለከለውም፤ ፍርሃቴን ነው የቀነሰው። እኩል የሆኑ ሁለት መስመሮች፣ ጫፋቸው ላይ ቀስት ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ሲሳልባቸው፣ በማስመሪያ ለክታችሁም አንዱ ረዝሞ ይታያችኋል። ዓይን ክርክር አይሰማም።

ጠበልንም ጸሐፊው በዚያው ሳቅ ጠቅልሎ ጥሎታል። እኔ በሽተኛ ይዞ ጠበል የሚሄድ ቤተሰብ ላይ አልስቅም። አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤችአይቪ መድኃኒቱንም ጠበሉንም አብሮ መውሰድ ይቻላል ብለው ማስተማራቸው፣ «ከሁለቱ አንዱን ምረጥ» ከሚል ሳቅ የበለጠ ሰው አድኗል ብዬ አምናለሁ። የአእምሮ ሕመም ላይም ያው ነው። ቤተሰቡ የሚከበርበትን በር ነው የሚያንኳኳው። የተሳቀበት በር ሁለተኛ አይንኳኳም።

አከራዬ እንዳላንኳኩት።

ያን ማታ ምን ልበላቸው ብዬ ተጨነቅኩ። በኋላ ያነበብኩትን ነገርኳቸው። ዌልስ በሚባል አገር ዴዊ ሪስ የተባለ ሐኪም፣ በ1971 ባወጣው ጥናት፣ ባል ወይም ሚስት የሞተባቸውን 293 ሰዎች ጠየቀ። ግማሽ ሊሞሉ ጥቂት የቀራቸው ሟቹን አይተዋል፣ ሰምተዋል፣ ወይም አጠገባቸው እንዳለ ተሰምቷቸዋል። አብዛኞቹ ለማንም ተናግረው አያውቁም ነበር። አብዛኞቹ ደግሞ እንዳጽናናቸው ተናገሩ።

ረከቦቱ ላይ ሲኒውን ሲያስተካክሉ ቆዩ።

«ግማሾቹ?»

«ግማሽ ያህሉ፣ እትዬ።»

«አላበዱም?»

«አላበዱም።»

ቶናውን ቀዱልኝ። ወደ በሩ ዞር ብለው አዩ። «እንግዲያ ቢስልም ይሳል» አሉ፤ «ብርዱን ግን አይችለውም ነበር።»